ጣሪያው ላይ የተገኘው ጫማ

ነሐሴ ስምንት ቀን፣ ሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ ነበር። የዕለቱ ጫት ገብቶ ጅቡቲ ለመቃም በሯን በዘጋችበት በዚያ ሐሩር፣ የቤት ሠራተኛዋ ፀዳል ጋቦዴ ሰፈር ውስጥ ተቀጥራ ከምትኖርበት ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ጣሪያ ወድቃ ሞተች።

ጫማዋ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ ተገኘ። ቤቱ ጂን አለበት፤ ልጅቷን አሳብዶ ራሷን አስጣላት ተባለ። ታላቅ እህቷን ውዴን የባሰ ያንገበገባት ግን የካህኑ ቃል ነው። ራሷን ላጠፋች ፍትሐት የለም፤ እስከ ረቡዕ ጠዋት ሌላ ነገር ካልተገኘ እንዲሁ ትቀበራለች አሏት።

ማክሰኞ በጠዋት ሽመክት እግር ላይ ወደቀች። ሽመክት ድሬዳዋ ሃያ ዓመት ወንጀል ሲመረምር ኖሮ አሁን ወደብ የሚሠራ ሽማግሌ ነው፤ የከተማዋ ፖሊሶችም አማርኛ ሲቸግራቸው የሚጠሩት እሱን ነው።

ውዴ፣ ፀዳል በስልክ የነገረቻትን ሁሉ ዘረገፈችለት። መጀመሪያ ቀትር ቀትር ላይ ከጣሪያው የእግር ኮቴ ይሰማት ነበር። ከዚያ በመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ በክርስትና ስሟ «ወለተ ኪዳን» እያለ የሚጠራ ድምፅ መጣ። እንቅልፍ አጣች፤ እህል ዘጋት።

ሽመክት ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ሬሳዋን ማን አጠበ?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ውስጥ እግሯ እንዴት ነበር?»

«የሕፃን እግር ነው የሚመስለው። ምንም አልነካውም።»

ቀትር ላይ ሽመክት ጣሪያው ላይ ወጥቶ በባዶ እግሩ ሲሚንቶውን ረገጠ፤ አቃጥሎት ወዲያው እግሩን አነሳ። ከውሃ ታንከሩ ጀርባም ወደ ጎረቤት ግንባታ የወረደ የውሃ ጎማ አየ።

በአሥር ሰዓት፣ ውዴና አንድ ፖሊስ ባሉበት፣ የቤቱን ሰዎች ግቢው ውስጥ ሰበሰበ፦ እመቤቷን ሰብሪናን፣ ቤቱ እንዲሸጥ የሚጎተጉታትን ወንድሟን ዓብዱሰመድን፣ ዘበኛውን ገብረማርያምን።

«በቀትር እዚያ ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው እግሩ ይላጣል» አለ። «የፀዳል አልተላጠም። የወደቀችው ከነጫማዋ ነው። ራሷን የጣለች እንዲመስል አውልቆ ወደ ላይ የመለሰው ሌላ ሰው ነው።»

«ለካ ጂን ጫማም ይሸከማል» አለ ዓብዱሰመድ። እህቱ በክርኗ ጎሸመችው።

«ማዳም፣ የክርስትና ስሟን ያውቁታል?»

«ሌላ ስም ነበራት እንዴ?» ሰብሪና ግራ ገባት። ወንድሟም እንደማያውቅ ራሱን ነቀነቀ።

«ሙስሊም ቤት ነው፤ ከየት ይሰሙታል? ጂኑ ግን አወቀው።» ወደ ውዴ ዞረ። «በስሟ መጥራት የጀመረው መቼ ነው?»

ፀዳል ኮቴው ቢያስፈራት፣ ለጸሎት ስምሽን ላኪ ብላ የመከረቻት ራሷ ውዴ ናት። ፀዳልም ከቤት መውጣት ስለማይፈቀድላት በወረቀት ጽፋ ቤተ ክርስቲያን ለሚሄደው ለገብረማርያም ሰጠችው። ድምፁ የመጣው በማግስቱ ነው። ውዴ ይህንን አንድ በአንድ ተናገረች።

«ወረቀቱን ለካህኑ አልሰጠህም፣ ገብሬ» አለ ሽመክት። «ከታንከሩ እየሰረቅህ ለግንባታው የምትሸጠውን ውሃ ስትቀዳ ኮቴህን ሰማች። ስሟን ደግሞ በእጅህ ሰጠችህ፤ በቧንቧው ጠራሃት።»



«ፈርታ ሥራውን ጥላ እንድትሄድ ነበር» አለ ገብረማርያም ለውዴ። «ሰኞ ግን መስቀሏን ይዛ ወጣች። ጎማውን አየችው። ገፋኋት፣ እህቴ።»

ረቡዕ ጠዋት ፀዳል በፍትሐት ተቀበረች። ካህኑ «ወለተ ኪዳን» ብለው ያነበቡት፣ ውዴ ጽፋ በገዛ እጇ ከሰጠቻቸው ወረቀት ላይ ነው።