ለወጉ ያህል የጠራኋት ሴትዮ

ነጠላዋ ደረቅ ነበር። ልብ ያልኩት ግን ዘግይቼ ነው...

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እስከ ዛሬ ያልተናገርኩት ግን የሚያምነኝ አጥቼ ሳይሆን አፍሬ ነው።

መስከረም ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ልክ ቀትር ስድስት ሰዓት። ከማንኩሳ አለፍ ብሎ፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ኮረብታ ላይ ነበርን።

ልጄ ሄቨን አስራ አንደኛ ክፍል ናት። ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። እሷና ጓደኞቿ ፖስትካርድ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከትተው ገጠር ይደብቃሉ። ሌላው በስልክ ካርታ ፈልጎ ያገኘዋል። ያለውን ወስዶ የራሱን ይተካል። የክፍሏ ግድግዳ በማታውቃቸው ከተሞች ስዕል ተሞልቷል።

እኔ ደግሞ ጅቡ፣ እባቡ፣ ክፉ ሰው... ሁሉም ቀድሞ ይታየኛል። ብቻዋን አልልክም ብዬ ተከተልኳት።

"ወርቅ ቆፋሪዎች ናቸው ብለው ይይዙናል" አልኳት።

"እማዬ፣ ይህን ጫማሽን ያየ ሰው በወርቅ አይጠረጥርሽም።"

ቆርቆሮውን ከድንጋይ ስር አገኘችው። ከውስጡ የጣናን ፖስትካርድ ወሰደች። በምትኩ የራሷን አስቀመጠች። መልስ እንዲመጣላት የቤታችንን አድራሻ ጽፋበታለች።

ዝናብ ወረደ። ሾላ ስር ተጠግተን ዳቦ ፈታን።

ያኔ ሴትዮዋን አየኋት። ዝናቡ መሀል ቆማ ታየናለች...

"እንብላ፣ እማማ" አልኩ።

ለወጉ ያህል ነው። "ብሉ፣ ይባርክላችሁ" ብላ የምታልፍ መስሎኝ።

"እሺ" አለች።

መጣች።

ደነገጥኩ። ዳቦውን ነጠላዬ ስር ሸሸግኩት። "አለቀ እኮ" አልኩ... ፍርፋሪው ጭኔ ላይ እያለ።

ሄቨን በእኔ አፍራ የራሷን ቁራሽ ዘረጋችላት።

"አንቺ አልጠራሽኝም" አለች ሴትዮዋ። ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። "እሷ ናት የጠራችኝ። ለራት እደርሳለሁ።"

ሄደች።

ሚኒባስ ውስጥ ሄቨን ከእኔ ርቃ ተቀመጠች። የራሰ ነጠላዬን ስጨምቅ ነው የሴትዮዋ ደረቅ እንደነበር ትዝ ያለኝ።

ፍኖተ ሰላም፣ ቤታችን ገባን። መሸ። ወጡን ከማድ ቤት ይዤ ስመለስ ሄቨን ደጃፉ ላይ ጠበቀችኝ።

"እንግዳ አለን" አለች በሹክሹክታ። "ተጠርቻለሁ ስትል አስገባኋት... እማዬ፣ ቆርቆሮው ውስጥ የተውኩትን ፖስትካርድ ይዛለች።"

ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታን ገበታው አጠገብ ተቀምጣለች። እጇን ለመታጠብ ዘርግታለች።

ሄቨን ጆጉን አንስታ ታስታጥባት ጀመር።

ውሃው ይወርዳል... እጇ ላይ ይደርሳል...

ከስር ያለው ሳፋ ግን ደረቅ ነው። አንድ ጠብታ አልወደቀበትም።

ጆጉ ባዶ ሆነ።

"እማዬ..."

"ስጪኝ። አንቺ ጎረቤት እህተ ማርያም ዘንድ እደሪ።"

"አንቺስ?"

"የጠራኋት እኔ ነኝ። ሂጂ።"

የእህተ ማርያም በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማሁ።

ሴትዮዋ እጇን አልሰበሰበችም። ፊቷን ለማየት አፈርኩ። አንገቴን እንደደፋሁ ጆጉን ሞላሁ...

ከዚያ፣ ሄቨን ተመልሳ እንዳትገባ፣ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት።