በዚያ ክፍል የተወለደ ቃል

የንግግር ሐኪሟ በሕፃናት መመርመሪያ ክፍሏ ውስጥ፣ ከጉልበት በማያልፍ ጠረጴዛ አጠገብ ሞታ ተገኘች። የጠረጴዛው ጠርዝ ከጆሮዋ በላይ ያለውን አጥንት ሰብሮታል። ልጆች ስታስተምር ወለል ላይ መቀመጥ ልማዷ ስለነበር፣ መጀመሪያ ያየቻት የጽዳት ሠራተኛ ሰላም ብላት አልፋ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ረፋድ ሆኗል። ባልደረቦቿ «ጆሮ» ይሏታል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ይህን ቅጽል ስም ያልሰማች እሷ ብቻ ነች። ተንበርክካ ከጠረጴዛው ሥር አንዲት የእንጨት መጫወቻ አወጣች። ሦስት እግርና አንድ ቀንድ ያላት፣ ከምንም ጋር የማትመሳሰል ነገር ነች። ቀንዷ ላይ ጥቃቅን የጥርስ ምልክቶች ይታያሉ።

ለሐኪሟ መጫወቻ የሚሠራው ሽማግሌ አናጢ ተጠራ።

«ጋሼ፣ ይቺን መቼ አመጡላት?»

«ዛሬ ማለዳ። እንዲህ ያለ ጉድ ነበር የምታዘኝ፤ ልጆቹ በዓይናቸው አይተውት የማያውቁት ነገር መሆን አለበት ትለኛለች። ስሙንም ከራሷ ትፈጥራለች፤ ቃሉን እዚሁ መማራቸውን የምታውቀው እንደዚያ ነው። ይቺንማ እዚያው እፊቴ ‹ቲሞላ› አለቻት። ምን ማለት ነው ብላት ‹ምንም! ጥሩነቱም እሱ ነው› ብላ ሳቀች።»

«የጥርሱ ምልክትስ?»

«ኧረ በሞቴ! እኔ የተነከሰ ዕቃ አላስረክብም።»

«እንግዲያው ስሟን ለማንም እንዳይነግሩ» አለችው።

ሽማግሌው ማለዳ አስረክቦ ከወጣ በኋላ አንድ ሕፃን እዚህ ገብቷል ማለት ነው። የክሊኒኩ ኃላፊ ግን ማለዳ ቀጠሮ ያለው ልጅ እንዳልነበረ ማለ።

«ትናንት ከሐኪሟ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለችው።

ኃላፊው ክራባቱን አላላ። «የሥራ ነገር ነው። ሁለት ቋንቋ የሚነገርበት ቤት ልጁ አፉን ሳይፈታ ሲቆይ፣ ‹አንዱን ቋንቋ ተዉት፣ ግራ ይጋባል› ብላ ትመክር ነበር። አሁን ስህተት ነበር፣ ቤተሰቦቹን ይቅርታ ልጠይቅ አለችኝ። እንዲህ ተብሎ ማን ይመጣልናል? ተይው አልኳት።»

«ማንን ነበር የመከረችው?»

«ብዙ ሰው። ኮሪደሩ ላይ ያለችው እናትም አንዷ ነች።»

እናትየው አግዳሚ ወንበር ላይ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ሦስት ዓመት ሞልቶት ቃል ስላልወጣው የክሊኒኩ ሰዎች «ጸጥታው» ይሉታል። በከተማው ቋንቋ ስትጠየቅ «አዎ» እና «አይ» ብቻ ትመልሳለች። መርማሪዋም አፍ የፈታችበት ቋንቋ የሴትዮዋ ነበርና ጥያቄዋን ወደዚያው አዞረችው። ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ከዚያ ወሬው እንደ ጉድ ወረደ።

«ቀጠሮዬ ገና አሁን ነው፣ እህቴ። ስመጣ ፖሊስ በር ላይ ነበር። እኔም ልጄም ዛሬ ክፍሉን አላየነውም።»

«በቋንቋሽ አታናግሪውም?»

«ተከለከልኩ። በከተማው ቋንቋ የማውቀው ዋጋ መጠየቅና ይቅርታ ማለት ነው። በእሱ ልጅ ያሳድጋሉ? ሁለት ዓመት ዝም አልኩት።»

ልጁ የእናቱን አፍ ትኩር ብሎ ያያል። እንዲህ ስታወራ ሰምቷት አያውቅም።

በማግስቱ ሁሉም በዚያው ክፍል ተሰበሰቡ። መርማሪዋ ቲሞላን ወለሉ ላይ አኖረች፤ አናጢው የሠራቸውን ሦስት ሌሎች አዳዲስ ጉዶችም አጠገቧ ደረደረች። እናትየው መጫወቻዋን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ልጇን ግን አልያዘችውም።

«ኃላፊው፣ ልጁን ‹ጉፔኔን ስጠኝ› ይበሉት።»

ኃላፊው አለ። ልጁ አራቱንም አየና ዝም አለ።

«አሁን ‹ቲሞላን ስጠኝ› ይበሉት።»

ልጁ ሦስት እግር ያላትን አንስቶ ሰጠው። ቦታቸውን ቀያይረው ደገሙት፤ አሁንም እሷኑ አነሳ። አናጢው በተራው በጎርናና ድምፁ ሲጠይቀውም አልተሳሳተም።

«ልጅ አዲስ ስም ሲሰማ አዲሱን ዕቃ ያነሳል፤ ይሄ የታወቀ ነው» አለ ኃላፊው።

«ለዚህ ነው አራቱንም አዲስ ያደረግሁት። ጉፔኔን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ጉፔኔ ሲባል ለምን ዝም አለ? ቲሞላን ግን ሐኪሟ የፈጠረችው ትናንት ማለዳ ነው። ከእሷ ሌላ የሰሙት ጋሼና እኔ ብቻ ነን፤ ጋሼ ደግሞ ልጁን ዛሬ ገና ማየታቸው ነው። መጫወቻዋን ጋሼ ሲያስረክቡ ጥርስ አልነካትም፤ ከጠረጴዛው ሥር ካወጣኋት ወዲህ ደግሞ እኔ ጋ ነበረች። ልጁ ቃሉንና ዕቃውን አንድ ላይ ያገኘው እዚህ፣ ከሐኪሟ አፍ ነው። ብቻውን ደግሞ አልመጣም።» ወደ እናትየው ዞረች። «ስታዪያት ገብቶሻል። ልጁን ማስቆም ትችይ ነበር።»

«ሲያውቅ ላየው ፈለግሁ» አለች እናትየው። መርማሪዋ ለሌሎቹ እየተረጎመች ሰማቻት። «ኃላፊው ሳያውቅ በማለዳ ጠራችኝ። ቲሞላን አስተማረችውና ‹አየሽ? ልጅሽ ምንም አልጎደለውም፤ የጎደለው የሚያናግረው ሰው ነው› አለችኝ። የሚያናግረው ሰው! እናቴ የልጅ ልጇን እሹሩሩ ሳትለው ሞተች፤ ሐኪም ከልክሏል ብዬ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ልታቅፈኝ ስትነሳ ገፋኋት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የሐኪሟ ምክር ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ዝም አሰኝቷል። መርማሪዋ ሥራዋን አጥርታ ሠርታለች። በእናትየው ላይ ያስመሰከረችው ግን የገዛ ልጇን ነው።

ፖሊሱ እጆቿን በካቴና ሲያስር እናትየው ልጇ ፊት ተንበረከከች። የሁለት ዓመቱን ሁሉ በአንዴ አወረደችው፤ አባቴ፣ ዓይኔ፣ ይቅር በለኝ፣ ሁሉንም አፍ በፈታችበት ቋንቋ። ከመርማሪዋ በቀር የገባው ሰው አልነበረም። ልጁ አፏን አየ፤ የምትጠይቀው ነገር እንዳለ ገምቶ ወለሉ ላይ ፈለገ። ከዚያ መጫወቻዋን አንስቶ በታሰሩት እጆቿ መሐል አስቀመጠላት።

«ቲሞላ» አላት።

አፉን ፈታ፤ ማንም በማይናገረው ቋንቋ።