የኩርፋድ ጆሮ

በዛርማን መንግሥት ሰማዩ ሦስት ቀን ደም ለብሶ ዋለ። በአራተኛው ቀን የእንስሳት ሥዕል ያለበት ብራና ከሕፃናት ማስተማሪያው አዳራሽ ተሰረቀ። ሰባት ትውልድ ሠዓሊዎች የደከሙበት ብራና ነበር፤ ሕፃናት ከእሱ እየቀዱ ሲሥሉ የግመል ኮቴ ስለ ምን እንደ ሰፋ፣ እስስት ስለ ምን ዓይኖቿን ለየብቻ እንደምታዞር ይማሩ ነበር።

ሌባው የታወቀ ነው። የቆላው ገዢ ጉርማዝ ዕንቁ እንዲለቅሙለት ልጆችን ኩርፋድ የሚባል አውሬ ወደሚኖርበት ገደል ይሰድ ነበር። አውሬውን በብራናው ያወቁት ልጆች «አንወርድም» አሉት። እሱም ብራናውን አሰርቆ በአውሬው ዋሻ አስጣለው፤ ከዚያ ምንም ያልተማሩ አራት ሕፃናት ላከ። እየዘፈኑ ወረዱ። አንዳቸውም አልተመለሱም።

ወጣቷ ሠዓሊና አስተማሪ ሲርዋን ይህን ስትሰማ የቀለም ገንቦዋን ከግድግዳ ጋር አላተመችው።

«በአራቱ ሕፃናት ደም እምላለሁ! ብራናውን ሳልመልስ ብሩሽ ብይዝ እጄ ይድረቅ!»

ያስተማራት ሽማግሌ ኦርዳን ወደ እሷ ቀረበ። «ልጄ፣ መቆጣትስ ተቆጪ። ነገር ግን ኩርፋድ ዕውር ነው፤ አድኖ የሚበላው በጆሮው ነው።»

«ታዲያ ዝም ልበል?»

«እግርሽ ዝም ይበል። እኔም አብሬሽ እወርዳለሁ።»

ከተማሪዎቿ አንዷ፣ የስምንት ዓመቷ ሚልካ፣ የሣለችውን የጉጉት ክንፍ ዘረጋች። «እትዬ፣ የጉጉት ላባ ጠርዙ ለስላሳ ስለሆነ ስትበር ድምፅ የላትም። ጫማችሁን በላባ ብትሸፍኑትስ?»

እንዳለችው አደረጉ። ሲርዋንና ኦርዳን ሁለት ቀን ተጉዘው በቀትር ዋሻው ውስጥ ገቡ። ኩርፋድ እንደ ኮረብታ ተጋድሟል፤ ድንኳን የሚያህሉ ጆሮዎቹ ይርገበገባሉ። ሲርዋን በአጠገቡ አልፋ ብራናውን አነሣች። ዞር ስትል ግን ከአጥንቶች መካከል አንዲት ትንሽ ጫማ አየች። የያዘችው ልቅሶ ከአፏ አምልጦ ወጣ።

አውሬው ተነሣ።

ኦርዳን ጫማውን አውልቆ ወረወረ። በባዶ እግሩ መሬቱን እየደበደበ በዋሻው ደጅ ወደሚወርደው ጥልቅ ገደል አፋፍ ሮጠ። «ኩርፋድ! ወዲህ ና! ሥጋ እዚህ አለ!» አውሬው ድምፁን ተከትሎ ዘለለ። ሁለቱም አንድ ላይ ገደል ገቡ።

ሲርዋን ብራናውን ተሸክማ በቀጥታ ወደ ጉርማዝ አደባባይ ሄደች፤ በሕዝቡም ፊት ዘረጋችው።

«ልጆቻችሁን የገደለው ይኸ ሰው ነው! የላካቸው ወደ አውሬ መሆኑን እንዳያውቁ ዕውቀታቸውን ሰረቀ!»

የአራቱ ሕፃናት እናቶች ጉርማዝን ከዙፋኑ ጎትተው አወረዱት። ጭፍሮቹ ጦራቸውን ጥለው ዳር ቆሙ።

ብራናው በተመለሰ ማግሥት አዳራሹ በልጆች ሞላ። ሲርዋን ኩርፋድን እንዲሥሉ አዘዘች። ሚልካ ብሩሿን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ መምህር ኦርዳንን የገደለ ክፉ አውሬ ለምን እንሥላለን?»

የሲርዋን ቁጣ ገና አልበረደም።

«ክፉ አልነበረም፤ ዕውር ነበር። ዓይን ስለሌለው በጆሮው ኖረ። ክፉውማ ዓይን እያለው ልጆችን ወደ እሱ የላከው ነው። በይ፣ ጆሮውን ትልቅ አድርገሽ ሣዪ።»