የጋሽ ሽቦ ሁለት ሳጥኖች

መርማሪዋ ስትደርስ ሰውየው ሞተዋል፤ ማሽናቸው ግን ሥራ ላይ ነበር። የኦክስጅኑ ቀጭን ቱቦ ከአፍንጫቸው ሳይወልቅ፣ አልጋው ሥር ያለው ማሽን እፍ፣ እፍ እያለ ለማይተነፍስ ሰው አየር ይልካል። ማጥፋት የደፈረ የለም።

ሟቹ ጡረታ የወጡ የስልክ መስመር ሠራተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ምሰሶ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ስለጨረሱ ሰፈሩ «ጋሽ ሽቦ» ነበር የሚላቸው፤ የልጅነት ስማቸውን የሚያስታውስ ቢኖር ሴት ልጃቸው ብቻ ናት። መርማሪዋንም ባልደረቦቿ ከኋላዋ «መርፌ» ይሏታል። ትንሽ ናት፣ ድምፅ የላትም፣ ከገባች ግን እስከ ጫፏ ነው የምትገባው። ስሙን ሰምታዋለች፤ አልከፋትም።

«አየር አጥተው ነው የሞቱት» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «የትራስ ምልክት የለም፣ የጣትም የለም።»

«ማሽኑ እየሠራ?»

«እሱን ለአንቺ ትቼልሻለሁ።»

መርፌ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። ከአልጋው ራስጌ መጠባበቂያ የኦክስጅን ሲሊንደር ቆሟል፤ ቫልቩ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሰዓት አራት ዜሮ እያሳየ ቦግ እልም ይላል። «ማሽኑን ማንም እንዳይነካው» ብላ ወጣች።

የቤቱ ጣት ሁሉ አስታማሚዋ ላይ ተቀስሮ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ቤት ውስጥ ክፉ ነገር ሲደርስ ጣት የሚሄደው ወደ ደካማው ነው። ሴትዮዋ ኮሪደሩ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ያመጣችውን የመድኃኒት ከረጢት እንደ ሕፃን አቅፋለች። መርፌ ወደ ኩሽና ወሰደቻት።

«ስትወጪ ማሽኑ ይሠራ ነበር?»

«ይሠራ ነበር፣ እትዬ። መድኃኒት ላመጣ ነው የወጣሁት። በየሳምንቱ በዚህ ቀን እንደምሄድ ቤቱ በሙሉ ያውቃል።»

«ስትመለሺስ?»

«ይሠራል። እሳቸው ግን ከንፈራቸው ጠቁሯል።» እንባዋ ቀደማት። «ነቅለሽዋል ይሉኛል። ለምን ብዬ? ሁለት ልጆች አሉኝ። እኔ ከታሰርኩ ማን ያበላቸዋል?»

«የራስጌው ሰዓት ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ኧረ! መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው እንዲህ የሚሆነው። ጋሽ ሽቦ ሰዓት ተሳስቶ ካዩ እህል አይወርድላቸውም፤ ወዲያው ነው የማስተካክለው። ምሳ ሳበላቸው ልክ ነበር።»

«መብራት ሲሄድ ማሽኑ ምን ይሆናል?»

«ይቆምና ይጮኻል። ለጩኸቱ የራሱ ባትሪ አለው። ያኔ ሮጬ ሲሊንደሩን እከፍታለሁ። እሳቸው እንኳን ቫልቭ፣ የውኃ ጠርሙስ የሚከፍቱበት ጉልበት የላቸውም።»

«ሰሞኑን የተለየ ነገር ተናግረዋል?»

አስታማሚዋ አመነታች። «ይቃዡ ነበር መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት ሳሎን ሳስቀምጣቸው ግድግዳው ላይ ያለችውን ነጭ ሳጥን እያዩ ‹ዛሬም ዓይኗ አልተርገበገበም› ይላሉ። ቀጥለው ራሳቸውን ይነቀንቁና ‹ምስኪን› ይላሉ።»

«ማንን ነው ምስኪን የሚሉት?»

«አልነገሩኝም።»

ታናሹ ልጅ ታክሲ ነጂ ነው። መርፌ ያገኘችው ግቢ ውስጥ፣ ኮፈኑ የተከፈተ መኪናው አጠገብ፣ እጁ በግሪስ እንደተለወሰ ቆሞ ነው።

«ከምሳ በኋላ መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«አልጠፋም። ሬዲዮኔን ከኩሽናው ሶኬት ስቤ ኳስ እያዳመጥኩ ነበር። አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።»

«ጮክ አድርገህ?»

«ኳስ በሹክሹክታ ይደመጣል እንዴ?»

«ከአባትህ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ማን አለ? አማቻችን ነው?» ፊቱ ተለዋወጠ። «አዎ፣ ተጣልተናል። ትምህርቱን ትቼ መሪ ስለጨበጥኩ ነው። ቢሆንም አባቴ ናቸው። ዛሬ ጠዋት እንኳ በመስኮት ‹ዘይቱን አይተኸዋል?› ብለውኛል።» ፊቱን ወደ ሞተሩ መለሰ።

አማቹ፣ የሴት ልጃቸው ባል፣ የሂሳብ ባለሙያ ነው። የሚሠራባት ክፍል ከጋሽ ሽቦ ክፍል በላይ ናት። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጠረጴዛው የተደረደረ ሰው ነው፤ ዓይኑ ግን ቀልቷል።

«መብራቱ ነው ጉድ የሠራን» አለ ሳይጠየቅ። «ከምሳ በኋላ ጠፍቶ ነበር። ያቺ ልጅ ቤት ብትሆን ሲሊንደሩን ትከፍትላቸው ነበር። ምስኪን አባባ!»

«እርስዎ የማሽኑን ጩኸት አልሰሙም?»

«የመሥሪያ ቤቴ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ በኢንተርኔት። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ነበር። ይህ ነገር እስከ መቃብሬ ይከተለኛል።»

«መብራቱ ሲጠፋ ስብሰባው አልተቋረጠም?»

«በፍጹም። ላፕቶፑ ባትሪ አለው። የጠረጴዛዬ አምፖል ጠፋ፣ ኋላ መጣ፤ እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም።»

«በስልክዎ ኢንተርኔት ነበር የተሰበሰቡት?»

«እዚህ ክፍል ስልክ መቼ ይሠራና! ግድግዳው ድንጋይ ነው። በቤቱ ነው የምጠቀመው።» ከላፕቶፑ ወርዶ ጠረጴዛው ሥር ሶኬት ላይ ወደተሰካች ነጭ ሳጥን የሚገባውን ገመድ በጫማው ጫፍ ጠቆመ። «አባባ ናቸው ያዘጋጁልኝ።»

«እንዴት ነው የምትሠራው?»

«እኔ የቁጥር ሰው ነኝ። ገመዱን ሰካሁት፣ ሠራ።»

መርፌ አመስግናው ወረደች። ከደረጃው ሥር የየክፍሉን መብራት የሚቆርጡና የሚመልሱ የብሬከሮች ሳጥን አለ። ከፈተችው። በእያንዳንዱ ብሬከር ላይ ጋሽ ሽቦ በተንቀጠቀጠ እጃቸው ጽፈዋል፤ አንደኛው «ሳሎንና ኩሽና» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «የእኔ ክፍልና ከእኔ በላይ»። ለረጅም ጊዜ አየችው።

ሴት ልጃቸውን ሳሎን አገኘቻት። መምህርት ናት፤ ከትምህርት ቤት ተጠርታ ስለመጣች ጣቶቿ ላይ ጠመኔ አለ። ለቤቱ ኢንተርኔት ከሚያመጣው ራውተር አጠገብ ሶኬት ላይ፣ ፎቅ ካለችው ጋር አንድ ዓይነት የሆነች ነጭ ሳጥን ተሰክታለች። ሦስት ጥቃቅን መብራቶች አሏት።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

«የአባባ መጫወቻ» አለች መምህርቷ፣ እያለቀሰች ፈገግ ልትል ሞክራ። «ኢንተርኔቱ ግድግዳውን አልፎ ፎቅ አይደርስም ነበር። ግድግዳ ይበሳ ስንል እምቢ አሉ። ‹ቤቴ ውስጥ ሽቦ ሞልቶ ድንጋይ የምቦረቡረው ለምንድን ነው?› ብለው ሁለት ሳጥን ገዙ። ይህቺ ኢንተርኔቱን ከራውተሩ ተቀብላ የመብራቱ ሽቦ ውስጥ ትከተዋለች፣ የላይኛዋ ከሽቦው ታወጣዋለች።»

«ሦስተኛዋ መብራትስ?»

«የሆነ ነገር ሲያልፍ ትርገበገባለች። አባባ ‹ዓይኗ› ይሏት ነበር።»

«ባለቤትሽ ሥራውን ከቤት ነው የሚሠራው?»

መምህርቷ ወደ መሬት አየች። «ይሠራል። አዎ... ይሠራል።»

አንድ ጊዜ የሚበቃ ነገር ሁለት ጊዜ ሲነገር መርፌ ጆሮዋ ይቆማል። መንገድ ላይ ወጥታ ስልክ ደወለች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ከጋሽ ሽቦ ክፍል በላይ ባለችው የአማቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። አስታማሚዋ ሌሊቱን ጣቢያ ስላደረች ልብሷ ተጨማዷል፤ ታናሹ ልጅ ሳይጠየቅ ወንበሩን ለቀቀላት። መርፌ ላፕቶፑን ከፍታ ነበር። ስክሪኑ ላይ፣ በቤቱ ኢንተርኔት፣ ጣቢያ የቀረ አንድ ፖሊስ ፊቱ ይታያል።

«ማውራትህን ቀጥል» አለችው።

«ምን ላውራ?»

«ስለ ደሞዝህ አውራ፤ እሱ አያልቅብህም።»

ፖሊሱ ሳቀና ማማረር ጀመረ። መርፌ ወደ ቤተሰቡ ዞረች።

«ትናንት አንዱ መብራት አልጠፋም አለኝ፣ ሌላው ጠፍቷል አለኝ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። የኩሽናው ሬዲዮ አልተቋረጠም፤ የጋሽ ሽቦ ሰዓት ግን ዜሮ ላይ ቆሟል። ስለዚህ የጠፋው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም የእሳቸው ክፍልና ይህ ክፍል።»

«ብሬከር እኮ ራሱም ይወርዳል» አለ አማቹ።

«ይወርዳል። ራሱ ግን አይነሳም። አስታማሚዋ ስትመለስ ማሽኑ እየሠራ ነበር፤ ማለትም አንድ ሰው አንስቶታል። አነሳሁት ያለኝ ሰው የለም። እሷ ብትሆን ኖሮ ደግሞ ‹መብራት ጠፍቶ ነበር› ብላ በተገላገለች። ማሽኑ ሲሠራ አገኘሁት ብላ በራሷ ላይ የምትመሰክርበት ምክንያት የላትም።»

«እንግዲህ እኔ ነኝ በይኛ!» አለ ታናሹ ልጅ ደሙ ፈልቶ።

«ልትሆን ትችል ነበር። አሁን ውረድና ‹የእኔ ክፍልና ከእኔ በላይ› የሚለውን ብሬከር አውርደው።»

ልጁ ወረደ። የጠረጴዛው አምፖል ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው እንደበራ ነው፤ ፖሊሱ ግን አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ፣ ድምፁም ተቆረጠ። ጠረጴዛው ሥር ያለችው ሳጥን አንዲትም መብራት አልቀረላትም። ወዲያው ከሥራቸው፣ ከጋሽ ሽቦ ክፍል፣ የማሽኑ ጩኸት ተነሳ። ወለሉን አልፎ እግር የሚነዝር ጩኸት ነው። አማቹ ሳያስበው ጆሮውን ያዘ።

«ሳጥኗ ራሷ መብራት ትፈልጋለች» አለች መርፌ ድምፅዋን ሳትጨምር። «የመላው ቤት መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ስለሚጠፋ ማንም ልብ አይለውም። ትናንት ግን ራውተሩ በርቶ ነበር። እርስዎም ራውተሩ በርቷል፣ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ በቃ ይበቃል ብለው አሰቡ። መብራቱ መጥፋቱን ነገሩኝ፣ ሞቱ የአደጋ እንዲመስል። ስብሰባው አለመቋረጡን ነገሩኝ፣ ከወንበርዎ እንዳልተነሱ እንዳምን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም።»

«ተቋርጦ... ተቋርጦ ይሆናል። ረስቼው ነው።»

«ያልነበረ ስብሰባ አይቋረጥም። መሥሪያ ቤትዎ ደውዬ ነበር። ካሰናበቱዎ ወራት አልፏል።»

ጩኸቱ ቀጥሏል።

«ጋሽ ሽቦ በሽቦ ውስጥ የሚያልፈውንና የማያልፈውን ሲለዩ የኖሩ ሰው ናቸው» አለች። «እርስዎ ‹ስብሰባ አለብኝ› ብለው በሩን ሲዘጉ እሳቸው ሳሎን ሆነው የሳጥኗን ዓይን ያያሉ። አትርገበገብም። ምስኪን ያሉት እርስዎን ነው።»

አማቹ አልጋ የለመደ በሽተኛ ይመስል ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «አልጮኹብኝም» አለ። «ቢጮኹብኝ ይሻል ነበር። እጄን ያዙና ‹ልጄ፣ እስከ እሁድ ንገራት፤ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ› አሉኝ። ስንት ወር ሙሉ ሸሚዝ ተኩሳ የሰጠችኝን ሴት በምን ዓይኔ ልያት? ብሬከሩን ሳወርደው...»

«ጩኸቱን ሰምተኸዋል?» አለች ሚስቱ። ከተሰበሰቡ ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«ሰምቼዋለሁ።»

«ቆመህ?»

«ቆሜ።»

መምህርቷ ጣቶቿን አየች። ጠመኔው ዛሬም አልለቀቀም። «እኔ እኮ አውቅ ነበር» አለች። «በተሰናበትክ ሳምንት የባልደረባህ ሚስት ነግራኛለች። አንተ ራስህ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት። እንዳላሳፍርህ ብዬ ሸሚዝ ስተኩስልህ ከረምኩ። አባባም እንዳያዝኑብህ ደበቅኳቸው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ይህ ሰው ግን ከቆጡም ላይ የሚያወርደው ነገር እንዳልነበረው ያወቀው አሁን ነው። በሩ ላይ ቆመው የነበሩት ፖሊሶች ብብቱን ደግፈው ሲያወርዱት ወደ ኋላው አልዞረም።

«አንሳው!» አለች መርፌ ወደ ደረጃው። ታናሹ ልጅ ብሬከሩን አነሳው። ጩኸቱ ተቋረጠ፤ ላፕቶፑ ላይ ፖሊሱ ተመልሶ «ሄሎ? ትሰሙኛላችሁ?» ይላል። ከታች ማሽኑ እፍ፣ እፍ ማለት ጀመረ። መምህርቷ ያን ስትሰማ ነው ያለቀሰችው።

አስታማሚዋ ነፃ ናት መባሏን እስኪደግሙላት አልጠበቀችም። ወርዳ ወደ ጋሽ ሽቦ ክፍል ገባች። ባዶው አልጋ አጠገብ ተንበርክካ ማሽኑን በእጇ አጠፋችው፣ ቱቦውን ጠቀለለች። ልትወጣ ስትል ሰዓቱ ዜሮ እያሳየ ሲርገበገብ አየችውና ተመለሰች። መርፌን ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቃ አስተካከለችው።