ጣት የማይነካው ምት

ሽታው ከራሱ የጆተኒ ጠረጴዛ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው ብረት ከጎኑ ወድቋል፤ ከጠረጴዛው የተነቀለ፣ ሦስት ተጫዋቾች የተሰኩበት ዘንግ ነው። እጀታው በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ተጠቅልሏል። በሐይቅ ከተማ ያ እጀታ የዝነኛው ተጫዋች የባዬ መሆኑን የማያውቅ ስላልነበረ፣ ኢንስፔክተር ስህን ከደሴ ስትደርስ ባዬ በካቴና ታስሮ ጠበቃት።

ወሩ የካቲት፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ነበር። ታጣቂዎቹ ከተማይቱን ከለቀቁ ሁለት ወር ቢያልፍም፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሰላም የሚለው ገና ዐይኑን ሰብሮ ነው።

ስህን ከሬሳው ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ሽታው በዚያው ጠዋት እስከ ቡሎኖቹ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶታል፤ ገና ስላልደረቀ እጅ ላይ ይለጠፋል። ከመቀባቱ በፊት ቅባት ሊያስነካው የፈታው ሌላ ዘንግ ከበሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የሟቹ የቡሎን መፍቻ በኪሱ ውስጥ ነው፤ ቀለም የሚባል አልነካውም።

«ቀለሙን ከቀባ በኋላ ማን ማን ገባ?»

«ሦስቱ ብቻ፣ ለየብቻቸው፤» አለች የጎረቤቷ ሻይ ሻጭ ሙጂባ። «ባዬ፣ ዓሣ አጥማጁ ሀሚዱ፣ ባለ ባጃጁ መዝገቡ። ማን ኋላ እንደ ወጣ ግን፣ ወላሂ፣ ሰው በዝቶብኝ አላየሁም። ሽታው እኮ ነገ ሽማግሌ ፊት ሊቆም ነበር! በዚያ ክፉ ሰሞን የዘማች ቤት ለታጣቂዎቹ እየጠቆመ ያስዘረፈው ማን እንደ ሆነ ሊናገር።»

ስህን የባዬን የጨዋታ ጓደኛ ሀሚዱን አስጠራች።

«እጀታው ላይ ላስቲክ ለምን?»

«ለምቱ ነዋ! ሌላው ጨብጦ ይመታል። ባዬ መዳፉን ከፍቶ እጀታውን በእጁ አንጓ ወደ ላይ ያንከባልለዋል። ኳሷ ጥይት ናት! በረኛው በየት እንደ መጣች ሳያውቅ መረብ ውስጥ ያገኛታል። ላስቲኩ ከሌለ ያንሸራትተዋል።»

«ጨብጦ ሲመታ አይተኸዋል?»

ሀሚዱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የቀኝ እጁ ጣቶች አይታጠፉም። መረብ ስንስብ እንኳ ገመዱን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ነው። እኔና ጋሼ ሽታው ብቻ ነን የምናውቅ። ጦር ግንባር ላይ ፍንጣሪ መትቶት ነው፤ እንዳይታዘንለት ይደብቃል። ከወንድሜ ጋር ነበር የዘመቱ። ወንድሜ አልተመለሰም።»

መዝገቡ ሳይጠየቅ ጀመረ። «ዘንግ ማሽከርከር ክልክል ነው! ሽታው ግን ‹ሙሉ ዙር እስካልዞረ ይፈቀዳል› እያለ ያስጨበጭብለት ነበር። ብረት እንደዚያ የሚያስጮህ ክንድ ራስ መፍለጥ ያቅተዋል?»

ባዬ ግን የተናገረው ጥቂት ነው። «አልገደልሁም።»

«ጣቶችህን ጨብጥ።»

ፊቱን አዞረ። «ይሰሩኝ፣ ኢንስፔክተር። እሱ ይሻለኛል።»

ከእስር ቤት የከፋ ምን እንደሚጠብቀው ስህን ጠረጠረች። ሆኖም ንጹሕን ሰው በዝምታው ማስቀጣት እንደማይገባ አምና፣ ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ጆተኒ ቤት ሰበሰበቻቸው። ደጁ በሰው ተሞልቷል።

«ገዳዩ በንዴት አልመታም፤» አለች። «የተናደደ ሰው ከበሩ አጠገብ የቆመውን ልቅ ዘንግ ያነሣል። ይህ ግን እሱን አልፎ፣ የባዬን ዘንግ ቡሎን ፈትቶ ነቀለ። ስለዚህ ባዬን ማስወንጀል አስቀድሞ አስቦበታል። ሀሚዱ ባዬን ማስወንጀል ቢፈልግ ይህን ዘንግ አይመርጥም፤ የባዬ እጅ ዘምቶ ቆስሎ እንደማይጨብጥ ያውቃልና። ቡሎኑን ለመፍታት አንዱ እጅ ዘንጉን አንቆ ሲይዝ ሌላው መፍቻውን ያዞራል። ባዬ ይህን ማድረግ አይችልም። የቀረው፣ የባዬን የጆተኒ ምት የብርቱ ክንድ ሥራ ነው ብሎ ያመነ ሰው ነው።»

«አይጨብጥም? ማስመሰል ነው!» ሲል መዝገቡ ጮኸ። «ዘምቶ የቆሰለ ሰው ቁስሉን ይደብቃል? እስቲ ይንገረን፣ የት ቆሰለ?»

ስህን ወደ ባዬ ዞረች። «መልስ የአንተ ነው።»

ባዬ የታሰሩ እጆቹን አነሣ፤ የቀኝ መዳፉ መካከል በባሩድ ጠቁሮ ተኮማትሯል።

«ውጫሌ ላይ፣ ውጊያው ገና ሳይጀመር፣ በራሴ ጠመንጃ መዳፌን መታሁት። ፈርቼ።»

ደጁ ላይ የቆሙት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«የቀረው ሰው ደግሞ ይኸው፤» አለች ስህን፤ በጨርቅ የተጠቀለለ መፍቻ ጠረጴዛው ላይ እያኖረች። «አሥራ ሦስት ቁጥር፣ ከባጃጅህ ሣጥን የወጣ ነው፣ መዝገቡ። አፉ ላይ ያለው አረንጓዴ ቀለም ገና አልደረቀም። ነገ ሽማግሌ ፊት ሽታው የሚጠራው ስም የማን ነበር?»

አንድ ፖሊስ ካቴናውን ከባዬ እጅ ፈትቶ በመዝገቡ እጅ አጠለቀው። ሲያወጡት ወደ ባዬ ምራቁን እንትፍ አለ። «እኔ ቤት ጠቆምሁ። አንተስ?»

ሀሚዱ ወደ ባዬ ቀረበ። «ስለ ወንድሜ ‹በእጄ ቀበርሁት› ብለኸኛል። እናቴ በዚያ ቃል ነው እንቅልፍ የወሰዳት።»

«ሀሚዱ፣ ወንድሜ...»

«ወንድምህ አይደለሁም። የት ነው ያለው?»

ባዬ የተፈቱ እጆቹን ተመለከተ።

«አላውቅም፤» አለ።