ነጭ ሽንኩርት የሸተተው ውሃ

«ውሃ አይሸትም!» አለ ሳጂድ ከወንበሩ ተነሥቶ። «በሳይንስ ተምረናል። ቀለም የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ሽታ የለውም። ቀደደች ቲቸር!»

«አልቀደድኩም» አለች ሩፊዳ። ደብተሯን እንደያዘች ሰሌዳው ፊት ቆማለች። «ሸትቶኛል አልኩህ። በገዛ አፍንጫዬ።»

«የግመል አፍንጫ!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ አውካካ።

የአማርኛ መምህርቷ ውባንች ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው የሰጡት የቤት ሥራ፣ በቆላዋ የሸሕዲ ከተማ ሠራተኞች የሚሰበሰቡበትን አደባባይ በአንድ ገጽ መግለጽ ነበር። «በዓይናችሁ ብቻ እንዳትጽፉ» ብለዋቸው ነበር። «ጆሮ የተሰጣችሁ ለጉትቻ አይደለም። አፍንጫችሁንም ይዛችሁት ሂዱ።»

ሩፊዳ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። የአባቷ የአሚን ሱቅ በሩ የሚከፈተው ወደዚያው አደባባይ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረዱት ወጣቶች በሱቁ ጥላ ሥር ተቀምጠው ወደ እርሻ የሚወስዳቸውን ትራክተር ይጠብቃሉ።

«ሽታውን እስኪ ድገሚልን» አሉ መምህርቷ። «ሳጂድ፣ አንተ ተቀመጥ።»

ሩፊዳ አነበበች።

«ደረበ የሚባለው የጎጃም ልጅ አዲስ የገዛውን ጀሪካን ቀና አድርጎ ሲጠጣ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ይላል። ፕላስቲኩ ጸሐይ ስለመታው ለብ ብሏል። ክዳኑ ሲከፈት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ ተወቅጦ ሦስት ቀን የሰነበተ ነጭ ሽንኩርት፤ ከሥሩም ናፍጣ የመሰለ ነገር አለበት። ‹ምነው ሸተተ?› ስለው ሳቀ። ‹እታለም፣ የመድኃኒት ጀሪካን ነው ብለው የሰጡኝ እኮ ለዚህ ነው! ነጭ ሽንኩርት ያለበት መድኃኒት ለንዳድ ይሆናል። ቅመሱ እንጂ፣ ጎበዝ!› ብሎ ለጓደኞቹ አዞረላቸው።»

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። ይሄኛው ግን ሩፊዳ የፈለገችው ሳቅ ነበር። የደረበን ሁኔታ አሳምራ ስላመጣችው ፊቷ በራ።

ይርዳው አልሳቀም። አባቱ በሰሊጥ እርሻዎች ላይ መርጫ በጀርባቸው ተሸክመው የሚረጩ ሰው ናቸው።

«የምን መድኃኒት?» አለ።

«እ?»

«ጀሪካኑ። ምን መድኃኒት ነበረበት?»

ሩፊዳ አፏን ከፈተች። ሸሕዲ ውስጥ እንዲህ ብሎ መጠየቅ አልተለመደም። የታመመ ሰው የሚውጠውም መድኃኒት ነው፤ የሰሊጥ ትል የሚገድለውም መድኃኒት ነው። ቆላ ያደገ ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል። አባቷ «የመድኃኒት ጀሪካን ነው፣ በቀላሉ አይሰነጠቅም» ሲል ያወራው ስለ ፕላስቲኩ ጥንካሬ ነበር። ትናንት ከደጋ የወረደው ልጅ ግን ሌላውን ሰምቷል።

«የ... የትል» አለች።

«አባቴ ሲረጭ ውሎ ሲመጣ ልብሱ ልክ እንደዚያ ነው የሚሸተው» አለ ይርዳው። «ነጭ ሽንኩርት። እናቴ ለብቻው ነው የምታጥበው። እኛን አታስነካንም።»

ወደ መተማ የሚወርድ የጭነት መኪና ማርሽ ሲቀይር ከውጭ ተሰማ። መምህርቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«መቼ ነው የጠጣው?» አሉ ሩፊዳን።

«ዛሬ ጧት። ወደዚህ ስመጣ።»

«ብቻውን?»

«አራት ሆነው። አምስት መሰለኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ትራክተሩ ይወስዳቸዋል። ጀሪካኑን ሞልተው ነው የሚሄዱት።»

ገና አራት ሰዓት ተኩል ነበር።

«ማን ነው የሸጠለት?»

ደብተሯ ላይ ሻጭ የሚባል ሰው አልነበረም። ለገለጻው አላስፈለጋትም ነበር። ‹አላውቅም› የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አባቷ ትናንት እጅጌውን ሰብስቦ ጀሪካኑን በአሸዋና በአመድ ሦስት ጊዜ ሲያለቀልቅ አይታዋለች። አሽትቶትም ነበር። «ወላሂ ንጹሕ ነው» ብሎ ነው ከደጅ የሰቀለው። አባቷ ክፉ ሰው አይደለም።

«እኛ ነን» አለች።

መምህርቷ ስልካቸውን አንሥተው ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሮጡ። «ጤና ጣቢያ ነው?» ሲሉ ከኮሪደሩ ተሰማ።

«እኛም ቤት አለ» አለ ሳጂድ። ድምፁ ቀድሞ የነበረው ድምፅ አልነበረም። «ዘይት ነው የምናስቀምጥበት።»

«እኛም» አለች እመቤት። «የታናሽ እህቴን ገላ የምናጥብበት ውሃ...» አልጨረሰችውም።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። የአንዱ ቤት ጀሪካን ሰማያዊ ነው፣ የሌላው ነጭ። አመድ ያነጻል፣ አያነጻም። ይርዳው መሐል ገብቶ ሊያስረዳ ይጮኻል፤ የሚሰማው የለም።

ሩፊዳ ደብተሯን መምህርቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። በሩ ክፍት ነበር። ሳጂድና እመቤት በክዳን ቀለም ሲከራከሩ፣ እሷ ግቢውን አቋርጣ፣ ትራክተሩ ሳይመጣ ለመድረስ ወደ አደባባዩ የሚወስደውን አስፋልት ይዛ ነበር።