ጠብቆ ወይስ ላልቶ

ዘመነ ወልደ ኪዳን የሞተው ከሞጣ ወጣ ብሎ ባለው ቁልቁለት ሥር፣ በተገለበጠው መኪናው ውስጥ ነው። ገጠር ለገጠር እየዞረ ማር የሚሰበስብ ሰው ነበርና፣ ወንዝ ሲሻገር የመኪናው ሆድ ድንጋይ እንዳይነካው ከኋላ ከፍ የሚያደርጉት ረዣዥም የባሌስትራ ብረቶች ላስገባለት እያለ ሲመኝ ኖሯል። የተመኘው የደረሰለት በሞተበት ዓርብ ቀን ነው። ደስታውን እንኳን በቅጡ አልጠገበም፤ ነገሩ ያንገበግባል።

ኢንስፔክተር ጥሩአየሁ ስትደርስ ሳጅን አንዷለም ነገሩን ጨርሶታል። ሳጅኑ ከመኪና ሳይወርድ ጥፋተኛ የሚያገኝ ሰው ነው።

«መካኒኩ ሙጀሂድ ነው፤ ይዘነዋል» አላት። «ባሌስትራውን ከኋላ አክስል ጋር የሚያስሩት የብሎን ዳዶዎች ላልተዋል። ቁልቁለቱ ላይ አክስሉ ከነጎማው ከቦታው ሸሸ። ይባስ ብሎ ዛቻውን ጽፎ ትቶታል፤ ይምጡና ይዩት።»

ከቀኙ የኋላ ጎማ በላይ፣ በነጭ ጠመኔ፣ በትልልቁ «ይጠብቃል» የሚል ቃል ተጽፏል።

«ሞት ይጠብቃል ማለቱ ነው!» ብላ ጮኸች የሟች ሚስት እፀገነት። «ባለፈው ሳምንት "ይሄን መኪና ከፍ ካደረግኸው ይገለብጥሃል" እያለ ሲጨቃጨቀው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የዛተውን አደረሰ!»

የሟች አባት መሪጌታ ወልደ ኪዳን ግን አልጮኹም። በቢቸና የቅኔ መምህር ናቸው፤ ልጃቸውን ለመጠየቅ ሞጣ በመጡ ማግስት ሐዘን ተቀበላቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ጥሩአየሁ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። በልጅነቷ ከወንዶቹ መካከል ተቀምጣ ቅኔ የቆጠረችው በእሳቸው እግር ሥር ነበር።

«የኔታ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ።»

«አሜን ልጄ» አሉ።

ጥሩአየሁ የእጅ ባትሪ አብርታ ከተገለበጠው መኪና ሥር ገባች። የወለቁትንም ያልወለቁትንም ዳዶዎች አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች። አዲስ ናቸው፤ የፋብሪካ ዘይታቸው እንኳን አልተነካም። ከዚያ ተነስታ ወደ ጣቢያው ሄደች።

የሙጀሂድ ሚስት ዘሚራ ምሳ ዕቃ ይዛ በጣቢያው በር ቆማለች። ጥሩአየሁን ስታይ «እመቤቴ፣ ሰው አይገድልም» አለች።

«ዳዶዎቹን ማን አላላቸው?» አለችው ጥሩአየሁ፣ ሙጀሂድን ከፊቷ አስቀምጣ።

«ማንም። መች ጠበቁና! ረዥም ባሌስትራ ተንጠልጥሎ አይታሰርም። መጀመሪያ ዳዶውን በእጅ ብቻ አስገባለሁ። መኪናው ከክሪክ ወርዶ በእግሩ ሲቆም፣ ክብደቱ ሲያርፍበት፣ ያኔ በቁልፍ ይታሰራል። አውርጄው ሳበቃ አዛን አለ። ዓርብ ነው፤ ለጁምዓ ሄድኩ።»

«ጽሑፉስ?»

«ሥራ አቋርጠን ስንሄድ የቀረውን እዚያው ቦታው ላይ በጠመኔ እንጽፋለን። የጋራዥ ልማድ ነው። ስመለስ ከሌላ ሥራ ጋር እንዳይምታታብኝ ጻፍኩ፤ ይጠብቃል ብዬ።»

«እስቲ ድገመው።»

ሙጀሂድ ግራ እየገባው ደገመው። ጥሩአየሁ ቃሉን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

«ዘመነን ጠርተኸው ነበር?»

«ኧረ! ማታ ና ነው ያልኩት። ስመለስ መኪናው የለም። ትርፍ ቁልፍ እሱ ጋ ነበር። የሽቦ በሩንም ሸጉጬው ብቻ ነው የሄድኩት።»

የቀረው መንግስቴ ነው፤ የሟች ሾፌር። ዘመነ በቅርቡ ከሥራ አሰናብቶት ስለነበር ሳጅኑ እሱንም በዓይነ ቁራኛ ይመለከተዋል።

«ታርቀን ነበር» አለ መንግስቴ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ሻይ ቤት አብረን ተቀምጠን ስልኩ ጮኸ። አነጋግሮ ሲዘጋ ፊቱ በርቷል። "ይጠብቃል አሉኝ! አባባን ወደ ቢቸና ከማሳፈሬ በፊት ቁልቁለቱን ልሞክረው" ብሎኝ ወጣ።»

«"አሉኝ" ነው ያለህ ወይስ "አለኝ"?»

«"አሉኝ"።»

ጥሩአየሁ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለምን መጻፍ እንዳቆመች ግን ለሳጅን አንዷለም አልገባውም።

በሳልስቱ ማግስት ሁሉንም በፖሊስ ጣቢያው ግቢ፣ ተጎትቶ በቆመው መኪና ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። መሪጌታ ከዘራቸውን ተደግፈው ከኋላ ቆሙ። ሙጀሂድ በሁለት ፖሊሶች መካከል ነው።

«ቁልፍ የነካው ዳዶ ጠርዙ ይፋቃል» ብላ ጀመረች። «እነዚህ ግን ጭረት የላቸውም። ስለዚህ ያላላቸው ሰው የለም፤ ከመጀመሪያውም አልታሰሩም። መንግስቴም ሆነ ሌላ ሰው ተደብቆ አልፈታቸውም።»

«እንግዲያ እሱ ነዋ! ሆን ብሎ ትቶት!» አለች እፀገነት።

«ሆን ብሎ የተወ ሰው የተወውን ከላዩ ላይ ይጽፋል? ጽሑፉን ተመልከቱ፤ ልክ ከዳዶዎቹ በላይ ነው። ሙጀሂድ፣ የጻፍከውን አንብብልን።»

ሙጀሂድ አነበበው።

«ሰማችሁ? "ብ"ን አላላት። ላልቶ ሲነበብ ዳዶ ይጠብቃል፣ ሊታሰር ይገባዋል ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ ግን ሰው ሰውን ይጠብቃል፤ መኪናው ዝግጁ ሆኖ ባለቤቱን ይጠብቃል። ፊደሉ አንድ ነው። ዳዶው የሚጠብቀው ቃሉ ሲላላ ነው።»

መሪጌታ ቀና አሉ።

«ዘመነ ራሱ አላነበበውም» አለች ጥሩአየሁ፣ ድምፅዋ ዝቅ እያለ። «ጽሑፉ በቀኝ በኩል፣ ወደ ሽቦ በሩ ዞሮ ነው። ሾፌር የሚገባው በግራ ነው። በመንገድ ያለፈ ሰው በሽቦው አሻግሮ አይቶ፣ አጥብቆ አንብቦ፣ በደግ ልቡ ደወለለት። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ዘመነ "አሉኝ" ነው ያለው። ሚስቱን "አለችኝ"፣ ሙጀሂድን "አለኝ" ይል ነበር። እንግዲህ... የደወለለት ሰው ወንጀል የለበትም። ሙጀሂድም የለበትም። እኔ እዚህ ላይ አቆማለሁ።»

«ምን ማለት ነው ማቆም? ማን ነው? ተናገሪ!» አለች እፀገነት።

ጥሩአየሁ የሙጀሂድን ካቴና እንዲፈቱ ለፖሊሶቹ በእጇ አመለከተች።

«አታስጨንቂያት» አሉ መሪጌታ። በሰዎቹ መካከል አልፈው መኪናው አጠገብ ቆሙ። «እኔ ነኝ። ተማሪዎቼ ጋ ለመድረስ ቸኩዬ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስመለስ አየሁትና ደወልኩ። "ይጠብቃል ይላል፣ ሂድና ውሰደው" አልኩት። ዕድሜ ልኬን የሰው ልጅ ሳስተምር "ምሥጢሩን ሳታይ አታጥብቅ" ስል ኖርኩ። በገዛ ልጄ ላይ አጠበቅሁበት።»

እፀገነት ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። የአማቷን ፊት ማየትም ሙጀሂድን ማየትም አቃታት። ቆይታ ግን ወደ ሙጀሂድ ዞራ፣ «ይቅር በለኝ ወንድሜ፤ ሐዘን ነው ያናገረኝ» አለችው።

«የኔታ፣ ጥፋቱ የኔም ነው» አለ ሙጀሂድ። ካቴናው ከእጁ እየወለቀ ነበር። «"አይነዳ" ብዬ መጻፍ ነበረብኝ።»

መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው የጠመኔውን ፊደል በጣታቸው ዳሰሱት።

«ጥሩአየሁ» አሉ። «አሁንስ እንዴት ይነበባል?»

መልሱን ታውቀዋለች። እንባዋ ወረደ።

«አሁንማ ጠብቆ ነው ልጄ» አሉ። «ዘመነ ይጠብቀኛል።»

ሙጀሂድ ቀረብ ብሎ ክንዳቸውን ያዘና ቀስ እያለ ወደ በሩ ወሰዳቸው።